ሦስት ፊደል ጠርጎ ሁለት ስለ መጻፍ

ይድረስ ለተከበሩ የላይኛው ሸለቆ የመንገድ ጽሕፈት ቤት ዋና መሐንዲስ
ባሉበት፣ በሞቀው ክፍል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? የቢሮዎ ማሞቂያ ደኅና ይነዳል? ባለፈው መስከረም አስፋልቱን ሊመርቁ ወደ መንደራችን ወደ ኩርቲንግ በመጡ ጊዜ፣ ከመኪናዎ ወርደው አሥራ አንድ እርምጃ ያህል በእግርዎ ሲሄዱ አይቼ፣ እኒህ ሰው እንዲህ ደክመውልን ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ከልቤ ሠግቼ ነበር። ያን ዕለት በአንገትዎ ያጠለቅንልዎት ነጭ የበረከት ሻሽ እስካሁን እንደሚሞቅዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደኅና ነን፤ ማለት ከሞት ወዲህ ነን።

ስሜ ጪመት ቡቲት ይባላል። የጂፕ ነጂው የሪግዚን እናት፣ የሚስቱ የአንግሞ አማት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ መምህራችን በበረዶ ወራት ለአሮጊቶች በከፈተው ክፍል ስለሆነ የጽሑፌን መንሻፈፍ ይታገሱኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ሕመም አለበት፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። እናንተ በልጅነታችሁ ስለተማራችሁ ይህ ሕመም ቶሎ ለቋችኋል።

ጉዳዬ አጭር ነው። ምራቴ አንግሞ ልትወልድ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷታል። የመንደራችን ጤና ሠራተኛ ላሞ ሆዷን ስትዳብስ ቆይታ እጇን ታጠበችና፣ «እማማ፣ ልጁ ተጋድሟል፤ ይሄ በእጅ የሚወጣ አይደለም፣ በቢላ ነው» አለችኝ። ቢላውም፣ ቢላውን የሚይዘው ሐኪምም ያሉት ከእኛ አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር ቁልቁል፣ ከተማ ውስጥ፣ ከእርስዎ ቢሮ ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው። እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ይህችን ሴት እዚያ ስለ ማድረስ ነው። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው፤ ምስጋናውንም ለንባብ እንዲመችዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩። ስለ አስፋልቱ እናመሰግናለን። እኔ ሙሽራ ሆኜ ኩርቲንግ ስገባ ከፍየል መንገድ በቀር መንገድ አልነበረም። ስድስት ወልጄ ሦስት ቀበርኩ፤ የምወቅሰውም አልነበረኝም፣ ተራራን ማን ይወቅሳል? እናንተ መንገድ ስለሰጣችሁን የምንወቅሰው አገኘን፤ ይህ ለሐዘንተኛ ቀላል ስጦታ አይደለም። አስፋልቱም ቢሆን እጅግ ያማረ፣ እጅግ የለሰለሰ ነው። ድሮ የነበረው ጠጠር ጎማ የሚነክስ ጥርስ ነበረው፤ አሁን መንገዳችን እንደ እኔ በድዱ ቀርቷል።

፪። አመድ ምን እንደሆነ ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ ከመንደሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ «የአያት ጉልበት» የምንለው መታጠፊያ አለ። በአንድ ወገኑ ገደል ነው፤ በሌላው ወገን ያለው ተራራ ከኅዳር እስከ የካቲት ፀሐይ ይከለክለዋል። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ፣ መጀመሪያ ለበቅሎ ኋላም ለጂፕ፣ የአመድ ተራ አለን። ሠላሳ አንድ ቤት ነን፤ በየማለዳው አንድ ቤት ከምድጃው የተጠራቀመውን አመድ በቅርጫት ተሸክሞ ወርዶ በግግሩ ላይ ይበትናል። አመዱን ውጭ የደፋ ሰው በኩርቲንግ ወተት አይበደርም። ሙሽራም በገባች በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ቀጭን አድርጋ እኩል ከበተነች አሮጊቶች «እጇ ቤት ያውቃል» ይሏታል። አንግሞንም ብለናታል። ያን ጊዜ አመዱ ግማሹ በነፋስ ተመልሶ ፊቷን ነጭ አድርጎት፣ እሷ ስትስቅ ጥርሷ ብቻ ይታይ ነበር።

ሥራ ተቋራጮቻችሁ አስፋልቱን ጨርሰው ሲሄዱ በመታጠፊያው ራስ ላይ አንድ ሰሌዳ ተክለው ሄዱ። ያን ጊዜ እኛ የአሮጊቶች ክፍል ተማሪዎች ማንበባችንን ልናሳይ ተሰልፈን ወረድን፤ እኔም ጮክ ብዬ «በመንገዱ ላይ ማናቸውንም ቆሻሻ መድፋት ያስቀጣል» ብዬ አነበብኩት። ሁላችንም አጨበጨብን። በጋ ላይ የሚመጡት ጎብኚዎች የሚወረውሩትን የውሃ ጠርሙስ የሚመለከት ነው ብለን እንዴት ያለ አስተዋይ መንግሥት ነው ተባባልን። በገዛ ፍርዳችን ላይ በማጨብጨባችን አሁንም መምህሩ ያፍርብናል። በሳምንቱ የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ መጥተው የመንደሩን ሰው ሰበሰቡና ቆሻሻ የተባለው አመዱ መሆኑን አስረዱን። ጎረቤቴ ሽማግሌው ፓልዞር፣ ሬሳችንን በእሳት የምናሰናብት ሰዎች ነንና፣ ተነሥቶ ጠየቀ። «ጌታዬ፣ አመድ ቆሻሻ ከሆነ እኛ ስንሞት የምንሆነው ምንድን ነው?» ተቆጣጣሪውም ሳይቆጡ፣ «ሽማግሌ፣ እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው» አሉት። መልሱ ትክክል ነው። የመለሱልን ብቸኛው ጥያቄም እሱ ነው።

፫። ስለ ጨው እናመሰግናለን። አመዱን ከልክላችሁ ባዶ እጃችንን አልተዋችሁንም፤ አርባ ከረጢት ጨው ልካችሁልናል። ጨው በመንገድ ላይ ሲበተን በረዶውን ያቀልጠዋል ተብሎ በታተመ ወረቀት ተጽፎ መጣ፤ እኔም እንደ ልማዴ የተጻፈ ስለሆነ አመንኩ። የሚበትነውም ከቆላው አገር የመጣው የቀን ሠራተኛችሁ ሱክራም ነበር፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም።

በእኛ ዘንድ ዞ የምንላቸውን ጸጉራም ከብቶች ከተራራ የምንጠራው በስም አይደለም። ጨው የያዘ ከረጢት ሸክ ሸክ እናደርጋለን፤ ከሦስት ተራራ ማዶ ቢሆኑ ይመጣሉ። ሱክራም አፍ መፍቻው ሌላ ስለሆነ ይህን ቋንቋ አያውቅም። በመታጠፊያው መሐል ቆሞ ከረጢቱን ሸክ ሸክ እያደረገ ማራገፍ ጀመረ። የኩርቲንግ ከብት በሙሉ፣ በረት ሰብሮ የወጣው ሳይቀር፣ ቁልቁል ጎረፈ። ጩኸት ሰምቼ ብደርስ ሱክራም በገደሉ ዳር ባለው የአጥር ድንጋይ ላይ ወጥቶ ከረጢቱን አቅፎ ቆሟል፤ ከሥሩ ስልሳ ምላስ አስፋልት ይልሳል።

«እማማ! እግርዎ ሥር ልውደቅ፣ ከብቶችዎን ያስነሡልኝ!»

«አንተ ጠርተሃቸው እኔ ላስነሣ?»

«ኧረ እኔ አልጠራሁም! ጨው ነው የበተንኩት!»

«እሱን ነው የምልህ ልጄ። ማዕድ አቅርበህ ‹ብሉ› ብለሃቸው አሁን ‹ተነሡ› ማለት ነውር ነው።»

እስከ ቀትር ላሱት። ከብቶቹ ያላገኙት ጨው በረዶውን ጥቂት አራሰው፤ ማታ ብርዱ ሲጠና የራሰው ሁሉ እንደ መስተዋት ሆኖ ረጋ። የሱክራም አለቃ ኋላ እንደነገረን፣ ብርዱ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ጨው ሥራውን ያቆማል፤ ይህ ግን በታተመው ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር፣ ጀርባውን ደግሞ አልላካችሁልንም። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ የእናንተው ለዞዎቹ ጣፍጦ ለእኛ ድንጋይ ሆነ። ከታችኛው መንደር ናምጌል የሚባል ነጂ አንድ ቀን መታጠፊያው ድረስ መጥቶ ነበር። ወረደ፣ አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሣው፣ ወደ ኋላ እየነዳ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ከሪግዚን በቀር ወደ እኛ የሚወጣ ከእኛም የሚወርድ መኪና አልነበረም፤ አውቶቡሱ ከኅዳር ወዲህ እንደማይመጣ ያውቃሉ።

፬። ስለ ተቆጣጣሪዎ ንጽሕና ልዩ ምስጋና አለን። ላሞ ልጁ ተጋድሟል ባለችን ማግሥት ሪግዚን አንግሞን ከፊት ወንበር አስቀመጠ፤ እኛም በበሶና በቅቤ ሻይ አስንቀን ሸኘነው። ከኋላም አንድ ጆንያ አመድ ጭኗል፤ አልክድም። የጫንኩለት እኔ ነኝ። መታጠፊያው ላይ ደርሶ ከጎማው ፊት ፊት እየበተነ፣ እየነዳ፣ እየወረደ እየበተነ አለፈው። ከመታጠፊያው ወዲያ ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? የእናንተን መኪና። በጎማዋ ሰንሰለት የታሰረላት፣ በጎኗ «የመንገድ ደኅንነት» የተጻፈባት መኪና ሁለት እግሯን ቦይ ውስጥ ከትታ ተቀምጣለች፤ ተቆጣጣሪውና ሾፌሩ አጠገቧ ቆመው እጃቸውን በትንፋሽ ያሞቃሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንግሞ በመስኮት ስታይ ስለነበር እንዳለችው እጽፈዋለሁ። ተቆጣጣሪው፣ «ጎበዝ፣ አመድ ይዘሃል?» አሉ። ልጄ፣ «ይዣለሁ ጌታዬ» አለ። «በትንልኝ እስቲ፣ ቶሎ በል፣ እግሬ ደረቀ።» በተነላቸው፤ በገመድ ስቦም አወጣቸው። መኪናዋ በደረቅ መሬት ላይ ስትቆም ተቆጣጣሪው ጓንታቸውን አጠለቁ፣ ወደ መታጠፊያው ዞር ብለው አዩና መዝገባቸውን አወጡ።

«ይህን አመድ ማነው የበተነው?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ በትን ብለውኝ እኮ…»

«የጠየቅሁህ ማን በተነው ነው፤ ማን አዘዘ አላልኩም።»

የመንጃ ፈቃዱን ወሰዱ፣ የጂፑንም ቁልፍ ጨምረው ወሰዱ። አንግሞ ወርዳ፣ እሷን ብቻ ይዘዋት እንዲወርዱ ለመነቻቸው። ሆዷን አዩና፣ «እህቴ፣ ባደርገው ደስ ባለኝ፤ ግን የመሥሪያ ቤት መኪና ተሳፋሪ አይጭንም» አሏት። ሦስቱን ኪሎ ሜትር ዳገት በእግሯ ተመለሰች፤ አራት ጊዜ ተቀምጣ፣ አራት ጊዜ ተነሥታ። ደግ ሠርቶ ክፉ የሚመለስለትን ሰው አመድ አፋሽ ሲሉት ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሥራ ኖሯል፤ ከነቅርጫቱ፣ ከነቅጣቱ። ውለታ የማይዘው፣ ከቦይ ያወጣውን እጅ የማይለይ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሹም ስለ ሰጡን እግርዎን ስሜ አመሰግናለሁ።

፭። ስለ ማመልከቻው ሥርዓት እናመሰግናለን። ስልክ የሚያዘው ከመምህሩ ቤት ጣሪያ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እኔ በዕድሜዬ መሰላል ወጥቼ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወልኩ። የመዝገብ ጸሐፊው በጣም ትሑት ሰው ናቸው። ባለፈቃዱ ራሱ ማመልከቻና ሁለት ፎቶግራፍ ይዞ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ እንዲቀርብ ነገሩኝ።

«በምን ይምጣ ጌታዬ?»

«በመኪናው ነዋ እናቴ።»

«ቁልፉ እኮ እናንተ ጋ ነው።»

«ለዚሁ እኮ ነው መምጣት ያለበት!»

ጣሪያው ላይ ሆኜ ይህን ነገር ከፊት ወደ ኋላም፣ ከኋላ ወደ ፊትም አሰብኩት፤ ስንጥቅ የለውም። ሪግዚን በእግሩ ሄደ። ሁለት ቀን ፈጀበት፣ በአንዱ ሸለቆ የበረዶ ናዳ እስኪያልፍ ተደብቆ ስለዋለ የደረሰው ረቡዕ ሆነ። ረቡዕ አይደለም ተባለና እስከ ሐሙስ በሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሐሙስ ደግሞ እርስዎ አልነበሩም፤ በበረዶ ወራት የመንገድ ደኅንነት በሚል ርዕስ ለሚደረግ ስብሰባ ወደ ቆላው ከተማ ወርደዋል ተባለ። ስብሰባው መልካም እንደነበረና ምሳው እንደተስማማዎት ተስፋ አለኝ። ልጄ ማመልከቻውን አስገብቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ተመለሰ። ከእግሩ ሁለት ጣት ጠቁሯል፤ ላሞ በሞቀ ውሃ ትነክርለታለች፣ እሱ ይስቃል፣ «ስምንቱ ለፍሬን ይበቃል» ይላል።

፮። አሁን ወደ ዋናው ምስጋና ደረስኩ። ከቢሮዎ በር በስተግራ ጥቁር ሰሌዳ አለ። የአሥራ አምስት መንደር ስም ተጽፎበታል፤ በየስሙ አንጻር «ክፍት» ወይም «ዝግ» ይላል። ሪግዚን አንብቦት መጥቷል፤ በኩርቲንግ ፊት ለፊት «ክፍት» የሚል ነው።

ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ ያልገባው አንባቢ ቢኖር ላስረዳ። መንገዳቸው ለተዘጋባቸው መንደሮች መንግሥት በየሳምንቱ ረቡዕ፣ ሰማዩ ከፈቀደ፣ ሄሊኮፕተር ይልካል፤ በሽተኛና ነፍሰ ጡር በነጻ ያወርዳል። የስም ዝርዝሩን የያዘው ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው ያለው፤ እሱ ግን ስም ከመጻፉ በፊት የእናንተን ሰሌዳ ያያል። እንደገና መሰላል ወጥቼ ደወልኩለት። ሳያስጨርሰኝ፣ «ኩርቲንግ? ኩርቲንግማ ክፍት ነው። በመኪና አምጧት» አለኝ። ክፍት አለመሆኑን ብነግረው፣ «እናቴ፣ እኔ ሰሌዳ ነው የማነበው፣ ሰማይ አላነብም» አለኝ። እኔም አንባቢ ስለሆንኩ ተረዳሁት።

ተመልሼ ጸሐፊዎን ጠየቅሁ። ክፍት ያስባለን በኅዳር መጨረሻ የበረዶ መጥረጊያ ማሽናችሁ አንድ ጊዜ ወጥቶ መውረዱ ነው። ዝግ ለመባል ግን መንገዱ መዘጋቱን ተቆጣጣሪው በዓይናቸው አይተው መፈረም አለባቸው። ተቆጣጣሪው ደግሞ ከዚያ ከቦዩ ቀን ወዲህ መምጣት አልቻሉም፣ መንገዱ ዝግ ነውና። ስላልመጡ አላዩም፤ ስላላዩ አልፈረሙም፤ ስላልፈረሙ ክፍት ነው። ይህን ለፓልዞር ስነግረው ጺሙን አሻሸና፣ «ቡቲት፣ እኔ ደንቆሮ ሆኜ መሞት እፈልጋለሁ፣ አታስተምሪኝ» አለኝ። ሄሊኮፕተሩ በየሳምንቱ በላያችን ያልፋል፤ ከእኛ ማዶ ያሉት መንደሮች ዝጎች ናቸው፣ ታድለዋል። ባለፈው ሳምንት በጣም ዝቅ ብሎ ስላለፈ አንግሞ ከደጅ ሆና የተሳፋሪ ፊት አይታለች። እጇን አላነሣችም። አንድ ልጅ ግን ከመስኮቱ እጁን አወዛውዞላታል።

ሌላ አምስት ያህል ምስጋና ነበረኝ፤ ስለ ድልድዩ፣ ስለ አጥሩ ድንጋይ፣ በሰሌዳው ላይ ስላለው የፊደል ግድፈት ጭምር። መምህሩ፣ ይህን ደብዳቤ የምንልክለት ጋዜጣ ሁሉንም አያወጣውም ስላለኝ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ። ክቡርነትዎ ቁልፉን ከመሳቢያዎ አውጥተው ይላኩልን አልልም፤ ቁልፍ ንብረት ነው፣ ንብረት ደግሞ ፊርማ ይፈልጋል። አመዱን ይፍቀዱልን አልልም፤ ሕግ ነው፣ ተጽፏል፣ እኔም አጨብጭቤበታለሁ። ማሽኑን ይላኩ አልልም፤ ማሽኑ እስኪጠገን መጋቢት ይሆናል ተብለናል። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ሄሊኮፕተሩ ሳይነሣ፣ ከወንበርዎ ተነሥተው፣ ዘጠኝ እርምጃ ሄደው፣ ሪግዚን ቆጥሮታል፣ በሰሌዳው ላይ ከኩርቲንግ አንጻር ያለውን «ክፍት» በመሐረብዎ ይጥረጉልንና «ዝግ» ብለው ይጻፉልን። ክፍት ሦስት ፊደል ነው፤ ዝግ ሁለት ነው። እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ ጽፌ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለት ትንፋሽ አይፈጅም። ጠመኔም ይቆጥባል።

እንደማያደርጉት አውቃለሁ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ ክፉ ሰው ቢሆኑማ መማለጃ ይኖር ነበር። ደብዳቤው ለጸሐፊው ይመራል፣ ጸሐፊው ቁጥር ይሰጡታል፣ ቁጥሩ ከሪግዚን ቁጥር በኋላ ይሆናል፣ የሪግዚንም ቁጥር ከሌላ ሰው ቁጥር በኋላ ነው፤ እንዲህ እያለ ሰልፉ ከተራራው ይረዝማል። የምጽፈውም ተስፋ አድርጌ ሳይሆን፣ ኋላ ማንም «አልነገራችሁንም» እንዳይለን ነው።

ከነገ ወዲያ ማለዳ አንግሞን በአልጋ አስረን እናወርዳታለን። ስምንት ወንድ ተቆጥሯል፤ አራት ሲሸከም አራት ያርፋል። ሱክራም «እኔ ዘጠነኛ ልሁን» ብሎ መጥቷል፤ ከእናንተ ቤት እስካሁን የመጣልን ሰው እሱ ነው። ላሞ አብራ ትሄዳለች። እስከ ድልድዩ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምናልባት መኪና ይገኛል፣ ምናልባት አይገኝም። በመንገዱ ናዳ የሚወርድባቸው ሁለት ሸለቆዎች አሉ፤ እዚያ ላይ ማንም እንዳይናገር፣ እሷም ምጥ ቢመጣባት እንዳትጮህ ተነግሯታል። ላሞ በሹክሹክታ ለእኔ ብቻ የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ምራቴ ማንበብ ትችላለች።

ትናንት የአልጋውን ጠፍር ሳጠብቅ አንግሞ አጠገቤ ተቀምጣ ትመለከት ነበር። «እማማ፣ እኔ ብቀር ልጁን በምን ታሳድጊዋለሽ?» አለችኝ። እኔም፣ «በዞ ወተት» አልኳት። «ዞ ወተቷ ወፍራም ነው፣ ሆዱን ይነፋዋል» አለች። «በውሃ አቀጥነዋለሁ» አልኳት። «ታፈዪዋለሽ?» «አፈላዋለሁ።» ከዚያ በኋላ ሌላ የምትጠይቀኝ ስላልነበረ ጠፍሩን ከወዲያ በኩል ይዛ ታጠብቅልኝ ጀመር። ስድስት የወለድኩ ሴት ነኝ፤ እንዲህ በጸጥታ የተነጋገርኩት ንግግር በዕድሜዬ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ ከስምንቱ አንዱ ይዞት ወርዶ ለጋዜጣው ይሰጠዋል። ሰዎቹ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ በደጅዎ ማለፋቸው ስለማይቀር፣ ጫማቸው ደረጃዎን ቢያረጥበው አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አልጋው ከብዷቸው ሲያልፉ ካዩ አንግሞ ናት። ቀሏቸው ሲያልፉ ካዩም አንግሞ ናት፤ ምን እንደሆነ ግን ሰው ልከው አይጠይቁ።

በተረፈ የእምነታችን ሦስቱ ዕንቁዎች ዕድሜዎን ያርዝሙት፣ ምድጃዎ አይጥፋ፣ ወንበርዎ አይንቀሳቀስ፤ የልጅ ልጆችዎም በፀሐይ ቀን፣ በሐኪም እጅ፣ እናታቸው እየሳቀች ይወለዱ። ይህን የመጨረሻውን ግን ከልቤ ነው የጻፍኩት።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ አመስጋኝ፣ ከሰሌዳዎ ላይ ክፍት ሆና የምትኖር፣
ጪመት ቡቲት
ኩርቲንግ፣ በጥር ወር መጨረሻ

የተዘነጋ፦ ልጅ ሲወለድ የሚሞላ ቅጽ እንዳለ መምህሩ ነግሮኛል። ቅጹ የትውልድ ቦታን ይጠይቃል፤ ልጁ መንገድ ላይ ቢወለድ መንደራችንን እንጻፍ ወይስ የጽሕፈት ቤትዎን ስም፣ መንገዱ የእናንተ ንብረት ነውና፣ ቢያስታውቁን። ደግሞ ሌላ ቅጽ አለ አሉ፤ እሱ ሲወለዱ ሳይሆን ለሌላው ጊዜ የሚሞላ ነው። ሁለቱንም በአንድ ፖስታ አድርገው ይላኩልን። የሁለተኛውን ሁለት ቅጂ ያድርጉልን።